ተተኪ ያልመጣለት

ነጯ ሚኒባስ ከሸሪካት ሰፈር በኩል የጁባ ድልድይ አፍ ላይ ስትደርስ ቢራራ ፍሬኑን በድንገት ያዘው። ከኋላ የተደረደሩት ድስቶች እርስ በርስ ተላተሙ።

«ቀስ በል አንተ! ወጡን መኪናው ሊበላው ነው!» አለች ወርቅውሃ፣ ወደ ኋላ ተጠማዛ የትልቁን ድስት ክዳን በክንዷ እየተጫነች።

«ምን ላድርግ እትዬ? ገመዱን የሚያነሳ የለም።»

እውነቱን ነው። መንገዱን የሚዘጋው ገመድ እንደተወጠረ ነበር። ከገመዱ አጠገብ ሃምሳ አለቃ ኡሞድ የብረቱን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፤ ግን አያይም። ቢራራ ጥሩምባ ቢነፋም አልተንቀሳቀሰም። ወርቅውሃ ወርዳ ስትጠጋ ነው ነገሩ የገባት፤ ሰውየው ቀበቶውን ፈቶ ወገቡን ከምሰሶው ጋር አስሮታል።

«ኡሞድ!»

ብትት አለ። እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጠመንጃው ነው። ከዚያ አያትና ሳቀ። «እትዬ ወርቅውሃ። ደህና አደርሽ?»

«ይሄ ምንድነው? ማን አሰረህ?»

«ራሴ ነኛ። እንዳልሸሽ።»

«ቀልድህን ተው!»

«እንቅልፍ ሲጥለኝ መሬት እንዳልደርስ ነው። ቆመሽ ብትተኚ ማንም አያይሽም። ወድቀሽ ከተገኘሽ ግን እስር ቤት ነው።»

አማርኛው ከሷ አማርኛ የጠራ ነበር። ጋምቤላ፣ ፒኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ አድጎ፣ እዚያው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ አገሬ ነፃ ወጣች ብሎ የመጣ ሰው ነው። ወርቅውሃ ሸሪካት ላይ ምግብ ቤቷን ስትከፍት የመጀመሪያዋን ሳህን የበላው እሱ ነበር። የጁባን ዓረብኛ ያስተማራት እሱ ነው። በሐምሌው ተኩስ ጊዜ ሱቅ ሁሉ ሲዘረፍ፣ ማንም ሳያዘው ሦስት ቀን በሯ ላይ ቆሞ ያደረው እሱ ነው። ገንዘብ ስትሰጠው «የዚህን ደሞዝ መንግሥት ይከፍለኛል» ብሎ ስቆባት ነበር።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?»

«አራተኛዬ።»

«አንድ ቀን ሥራ፣ አንድ ቀን ዕረፍት አልነበር እንዴ?»

«ደንቡ እሱ ነው። የሚተኩን ልጆች ግን ትናንት ወደ ጀበል ኩጁር ጦር ሰፈር ወረዱ። ዛሬ ደሞዝ ነው።»

ያ ዓመት ወታደሩ ዘጠኝ ወር ሙሉ ደሞዝ ያላየበት ዓመት ነበር። ሞራታብ ማፊ፣ ደሞዝ የለም ማለት ነው፣ ከሰላምታ ቀድሞ የሚነገር ቃል ሆኖ ነበር። የወታደር ሚስቶች ከሰል ቸረቸሩ፣ ድንጋይ ፈለጡ። ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ የሚከፈለው በሰልፍ ነው፤ ታቡር ይሉታል። ስሙ ሲጠራ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ጠረጴዛው ፊት ያልቆመ አይከፈለውም። ሦስት ታቡር የቀረ ስሙ በቀይ ይሰረዛል፤ የሌለ ሰው ነው ተብሎ። ደንቡ የወጣው አንዳንድ አለቆች በሌሉ ወታደሮች ስም ደሞዝ ሲበሉ ስለተደረሰባቸው ነው አሉ። የበሉት አለቆች አልተሰረዙም። የተሰረዘው ሰልፉ ሲሰለፍ ጥበቃ ላይ የነበረው ነው።

ኡሞድ ሁለት ታቡር ቀርቷል። ሁለቱንም ጊዜ እዚሁ ድልድይ ላይ ነበር። ለሌላው ዘጠኝ ወር የሆነው ለሱ ዓመት ከአራት ወር ነው። የዛሬው ሦስተኛው ነው።

ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይሄን ሻምበሉ ጻፈልኝ። 'በእኔ ትእዛዝ ጥበቃ ላይ ይገኛል' ይላል። ማኅተም አለው። አድራሽ ግን አልሰጠኝም።» ወደ ድስቶቹ በአገጩ አመለከተ። «የከፋዮቹን ምሳ የምታደርሺው አንቺ ነሽ አሉ።»

እሷ ነች። በደሞዝ ቀን የከፋይ ኮሚቴው ምሳ ከሐበሻ ቤት እንዲመጣ የተለመደ ነው። ስድስት መኮንን፣ ዶሮ፣ ጥብስ፣ ዓሣ፣ ሩዝ። የመኪናዋን ሰሌዳ ቁጥር በር ላይ ያውቁታል፤ ማንም አያስቆማትም።

«ለኮሎኔሉ በእጁ ነው የምሰጥልህ።»

ከአሸዋ ጆንያዎቹ ጀርባ ሌላው ዘብ ብቅ አለ፤ አሥር አለቃ ላዱ። ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አራቱን ቀን ከኡሞድ ጋር የቆመው እሱ ነው።

«ያንተስ ወረቀት ላዱ?» አለችው በዓረብኛ።

«እኔ አንድ ታቡር ብቻ ነው የቀረሁት ማማ። ጊዜ አለኝ። የሽማግሌውን አድርሺ፤ ደሞዝ ምን እንደሚመስል ረስቷል።»

«አንተን ብሎ አሥር አለቃ!» አለ ኡሞድ። «አንተ ብር ብታገኝም ገና ጥጉ ጋ ሳትደርስ ነው የምትጨርሰው።»

ላዱ እየሳቀ ገመዱን አነሳ። ሚኒባሷ የድልድዩን ብረት እያንኳኳች አለፈች። ወርቅውሃ በመስታወቱ ስታይ፣ ኡሞድ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል፤ እንደ ጄኔራል።

ጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ካለው ጦር ሰፈር ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ሰልፉ ከኒም ዛፎቹ ጀምሮ እስከ አጥሩ ይጥመለመላል። አንዳንዱ የደንብ ልብሱን በላስቲክ ጫማ ለብሷል፤ አንዳንዱ ከጎረቤት የተዋሰው ጃኬት እጁን አልፎታል። ጥላው ሥር ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት የብረት ሣጥን፣ ትልቅ መዝገብ፣ የጣት አሻራ ቀለም። ከመዝገቡ ኋላ ፀጉሩ የሸበተ ጸሐፊ ተቀምጧል። መሐል ላይ ኮሎኔሉ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

ምሳው ሲደርስ ሰልፉ ቆመ። መኮንኖቹ እስኪበሉ ሁለት መቶ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሽታውን ይጠብቃል። ወርቅውሃ ይሄን ከዚህ በፊትም አይታው ነበር። የዚያን ቀን ግን ጭልፋው እጇ ላይ ከበዳት።

«ማማ ሐባሻ፣ እጅሽ ይባረክ» አለ ኮሎኔሉ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ወርቅውሃ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያናደዳት ይሄ ነው። ጨዋ ነበር። አመስግኖ ነው የሚበላው።

ወረቀቱን ሰጠችው። ጣቱን ሳይጠርግ ገልጦ አነበበው። የሷ የዶሮ ወጥ ዘይት ማኅተሙ ላይ ታተመ።

«ወረቀት ወታደር አይደለም ማማ። ሰውየው ይምጣና ይቁም።»

«ጥበቃ ላይ ነው እኮ! ቢመጣ ድልድዩን ማን ይጠብቃል?»

«እሱ እኔን አይመለከተኝም። የኔ ሥራ የቆመ ሰው መቁጠር ነው።»

«እሱም ቆሟል! አራት ቀን ሙሉ ቆሟል!»

ከመኮንኖቹ አንዱ ሳቀ። ኮሎኔሉ አልሳቀም። ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። «አሥር ሰዓት ላይ የቀሩትን ስም እናነብባለን። ከዚያ በፊት ይምጣ። እዚህ፣ ፊቴ ይቁም። እከፍለዋለሁ፤ ቃሌ ነው። ሩዝ አለ?»

ከዛፉ ራቅ ብላ ደወለች።

«ሰው ይምጣ ብለዋል። ና።»

«ድልድዩስ እትዬ? ጥዬ ከሄድኩ ሻምበሉ ያስረኛል።» ከጀርባው የላዱ ድምፅ ተሰማት፤ ሂድ፣ እኔ እቆማለሁ፣ ሂድ ይላል።

ሚኒባሷ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማለች። ቢራራ በሩን ከፍቶ ስልኩን ይጎረጉራል። መኪናዋን ልላክልህ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሩዙና ዓሣው ገና አልወረደም፤ ኮሎኔሉም ጣቱን አንስቶ ይጠራታል። «የቦዳ ሞተር ተሳፍረህ ና» አለችው። «ሒሳቡን እዚህ እኔ እከፍላለሁ። ደግሞ ልብስህን አሟላ፤ ቀበቶህን ታጠቅ። በቀበቶ ሰበብ እንዳይመልሱህ።»

«እሺ እትዬ።»

ከሱ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እሺ እትዬ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከድልድዩ እዚህ ድረስ በሞተር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሳህኖቹን ሰበሰበች፣ ደወለች፤ አይነሳም። ሰልፉ እያጠረ ሄደ። ስሙ የተጠራ ጠረጴዛው ፊት ተገትሮ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ፣ አንድ እስር ብር ይቀበላል። አንዱ ወጣት ብሩን ቆጥሮ ዞሮ ጠየቀ፦ «የዘጠኝ ወር አልነበር?»

«የመጣው የአንድ ወር ነው። ቀጥል!»

ወርቅውሃ ያን እስር ብር በዓይኗ መዘነችው። የሁለት ሰው ምሳ ነው። ቤቷ መጥተው ዶሮና ለስላሳ ቢያዙ መልስ አይኖረውም።

«ቢራራ፣ ሂድ መንገዱን እያየህ። ድስቶቹን እዚሁ አውርዳቸው። ፍጠን!»

አሁን ነው የሚወርዱት። አሁን።

ቢራራ ሲመለስ አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ሚኒባሷ ጥሩምባ ሳትነፋ፣ በዝግታ ገባች። እንደዚያ በዝግታ ነድቶ አያውቅም። ወርዶ በሩ ጋ ቆመና መሬቱን አየ።

«ኮር ዊሊያም መታጠፊያው ጋ ነው እትዬ። የቦዳው ነጂ እያለቀሰ ነገረኝ። ኡሞድ ጭንቅላቱን የነጂው ጀርባ ላይ ጥሎ ነበር አለ። ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰው። 'አሁን ደረስን፣ ንቃ' ብሎት ነበር። ጉብታው ላይ ሲዘልሉ በቃ... እንደ ጆንያ ወደቀ አለ። ከኋላ የውሃ ቦቴ ነበር።»

ወርቅውሃ የኋላውን በር ከፈተች። ኡሞድ ድስቶቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ተጋድሞ በቢራራ አንሶላ ተሸፍኗል። ቦት ጫማው ከአንሶላው ውጭ ተርፏል፤ እግሩ ታጥፎ ሊገባ አልቻለም። ከፊቱ አንሶላውን ገለጠች። ፊቱን ምንም አልነካውም። የተኛ ሰው ፊት ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ሲፈልገው የነበረውን ያገኘ ሰው። ዓይኗ ወደ ወገቡ ወረደ። ቀበቶው በሚገባ ታጥቋል። ጠዋት ምሰሶው ላይ ይዞት የነበረው ቀበቶ።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ኮሎኔል። ሰውየው መጥቷል።»

ኮሎኔሉ ቀና ብሎ የተከፈተውን በር አየ፤ ጫማውን አየ። ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጨዋ ነው ብያለሁ። «ማማ፣ በጣም አዝናለሁ። ግን ይሄ አሁን ሌላ ጉዳይ ነው። የሟች ነገር ሌላ ቢሮ አለው። የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል፣ ከክፍሉ ደብዳቤ...»

«ወረቀት?»

«ሥርዓቱ ነው።»

«ቅድም ወረቀት ሳመጣ ሰው አምጪ አልከኝ! ሰውየውን ሳመጣ ወረቀት አምጪ ትለኛለህ? ስትፈልግ ሰው፣ ስትፈልግ ወረቀት! ይምጣ አልክ፣ መጣ! ይቁም አልክ፣ አራት ቀን ቆሞ አልበቃህም! የበላኸው ምሳ ገና ከሆድህ አልወረደም፤ እሱ ያንን እንኳ ሳይቀምስ ነው የሞተው!» በዓረብኛ የጀመረችውን በአማርኛ ጨረሰችው። የሚተረጉም አልነበረም። ሁሉም ሰማ።

ሰልፉ ተናወጠ። አራት ወታደሮች ወጥተው ወደ ሚኒባሷ ሄዱ። ማንም አላዘዛቸውም። ኡሞድን ከነአንሶላው ተሸክመው አመጡና ጠረጴዛው ፊት፣ ሌላው ሁሉ ሲቆምበት በዋለበት ቦታ አስተኙት። አንዱ መለዮውን አቃናለት። ደሞዛቸውን ተቀብለው ዛፍ ሥር የተቀመጡት አንድ በአንድ እየተነሱ ወደ ሰልፉ ተመለሱ።

ኮሎኔሉ ሰልፉን አየ። ጠመንጃ የያዘ ነበረበት። ለጸሐፊው «አንብብ» አለው፤ ድምፁ ቀጥኖ።

ሽበታሙ ጸሐፊ መዝገቡን ገለጠ። «ሃምሳ አለቃ ኡሞድ ኦቻላ።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ ሰልፉን አየና ደገመው።

«ሃምሳ አለቃ ኡሞድ ኦቻላ።»

«ሃዲር!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አለሁ ማለት ነው።

«ሃምሳ አለቃ ኡሞድ ኦቻላ።» ጸሐፊው ሦስተኛውን ጠራ።

«ሃዲር!» አለ ሰልፉ በሙሉ። ኒሙ ላይ የነበሩ ቁራዎች ተነሱ።

ጸሐፊው ቀለሙን ይዞ ጠረጴዛውን ዞረ። ተንበረከከ። የኡሞድን አውራ ጣት አንስቶ «ይቅርታ ወንድሜ» አለውና ቀለም ነከረ፤ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቱን አስነካ። ከዚያ ጣቱን በራሱ ሸሚዝ ጠረገለት።

ኮሎኔሉ የአንድ ወር እስር ብር ለወርቅውሃ ዘረጋላት። በሌላ እጁ ደግሞ የምሳውን ሒሳብ፤ ያም እስር ብር ነው፤ ውፍረቱ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን በሁለት እጇ ያዘች። የምሳውን ፊቱ ላይ ልትወረውርለት እጇ ተነስቶ ነበር። የኡሞድ ሚስት ናዕማ ሸሪካት ውስጥ ከሰል እየሸጠች እንደሆነ ትዝ አላት። ሬሳ ማልበስ አለ፣ መቅበር አለ። ሁለቱንም መቀነቷ ውስጥ ከተተች። እስከ ዛሬ ያ እጇ ባለመወርወሩ ይቆጨዋል።

አስከሬኑን መልሰው ሲጭኑ ጸሐፊው የቀሩትን ስሞች ቀጠለ። ሕመም ላይ ያለ፣ የጠፋ፣ የሞተ። «አሥር አለቃ ላዱ ዋኒ።» ሦስት ጊዜ ጠራ። «ሦስተኛ ታቡር» አለና ቀዩን እስክሪብቶ አነሳ።

ወርቅውሃ ከሚኒባሷ ደጃፍ ዘወር አለች። «ሦስተኛ? አንድ ነው እኮ ያለኝ! ድልድዩ ላይ ነው! በዚህ ሰው ፈንታ ነው የቆመው!»

«ወረቀት አለው?» አለ ኮሎኔሉ። ሣጥኖቹ እየተቆለፉ ነበር።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ወደ ጀበሉ ወርዳለች። ከፊት የከባድ መኪና ሰልፍ ነበር። ቢራራ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነዳ። ድልድዩን ተሻግረው ገመዱ ጋ ሲደርሱ ላዱ ብቻውን ቆሟል። ምሰሶውን አልተደገፈውም። ሚኒባሷን ሲያይ ጥርሱ በራ። «ሽማግሌው የት አለ? ብሩን ይዞ ጠፋ?»

ወርቅውሃ በአገጯ ወደ ኋላ አመለከተችው። በኋላው መስኮት አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል መለዮው እጁ ላይ ነበር።

«ስሙን አነበቡት?»

«አነበቡት» አለች ወርቅውሃ። «አለሁ ተብሎለታል።»

«ጥሩ።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ጥሩ ነው። የኔንስ?»

እሱ ስለ ታቡሩ እንደዋሸው እሷም ልትዋሽለት አሰበች። መቀነቷ ውስጥ ያለው ብር ሆዷን ወጋት። በዚያ ቀን ስንት ጨዋ ቃል ሰምታለች፤ ሌላ አትጨምርም።

«ሰረዙህ ላዱ። የለም ብለው ሰረዙህ።»

ላዱ ወደ ድልድዩ ዞሮ አየ፤ ወደ ገመዱ፣ ወደ ምሰሶው። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ገመዱን ለኡሞድ አነሳለት።

«ታዲያ እዚህ የቆመው ማነው?» አለ።